ዶክተር ትሁኔና ያልተቆጠረችው ጳጉሜ

ጆሯችሁን ስጡኝማ፣ አንድ ነገር ላውጋችሁ። በእኛ ወረዳ ዶክተር ትሁኔ የምትባል የከብት ሐኪም አለች። ኩሩ ናት፤ ደግሞም ይገባታል። ያልገደለችውን በሬ ገድለሻል ተብላ የሙያ ፈቃዷ ተሰረዘ። ይግባኝ እንድትል አንድ ወር ሰጧት። ይግባኟ ከተመዘገበ፣ እስኪወሰን ድረስ ሥራዋን ትሠራለች። እሷም የፈለገችው ይህንኑ ነው፦ ይመዝገብልኝ።

ታዲያ ወሩን ስትቆጥር፣ እንደማንኛችንም ጳጉሜን ዘለለቻት። ደሞዝ የሌላትን ጳጉሜ ማን ይቆጥራል? የይግባኝ መዝጋቢዋ ግን ቆጥራለች። «ቀኑ አልፏል፣ ዶክተር። ኃላፊው ካልፈቀዱ አልመዘግብም» አለቻት።

የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ዘንድ ሄደች። «መዝጋቢዋ ካልተፈቀደ አልመዘግብም አለች፤ ይፍቀዱልኝ።»

«ያገሩ ሰው ሁሉ እንዳንቺ ጳጉሜን የማይቆጥር ከሆነ ቀበሌው ይጻፍልሽ። ካልተጻፈ አልፈቅድም» አሉ።

ቀበሌ ሄደች። «ኃላፊው ካልተጻፈ አልፈቅድም አሉ፣ መዝጋቢዋ ካልተፈቀደ አልመዘግብም አለች፤ ጻፍልኝ።»

ሊቀመንበሩ ሳቀ። «እኔስ መቼ ቆጥሬያት አውቃለሁ» ብሎ ጻፈላት። ማኅተሙ ጋ ሲደርስ ግን እጁን ሰበሰበ። «ማኅተሙ ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል፤ ቁልፉ ማኅተም ጠባቂው ጋሽ ደርብ ዘንድ ነው። ካልታተመ አልሰጥም።»

ጋሽ ደርብ ቤት ሄደች፤ በረት ውስጥ አገኘቻቸው። «ጋሽ ደርብ፣ ሊቀመንበሩ ካልታተመ አልሰጥም አለ፣ ኃላፊው ካልተጻፈ አልፈቅድም አሉ፣ መዝጋቢዋ ካልተፈቀደ አልመዘግብም አለች፤ ቁልፉን ይስጡኝ።»

«ቁልፉ የአደራ ነው፣ ለሰው አልሰጥም። ላሜ ደግሞ ምጥ ላይ ናት፤ ጥጃው ተጣሞባታል። ካልተገላገለች ንቅንቅ አልልም። ይልቅ አንቺ እያለሽልኝ ምን አስጨነቀኝ፣ በይ እጅሽን ስደጂ።»

ትሁኔ ላሟን ስታይ እጅጌዋን ሰበሰበች፤ መልሳ ለቀቀችው። «አይሆንም፣ ጋሽ ደርብ። እኔ ሐኪም ነኝ፤ እንደ ሌባ ተደብቄ አላክምም። እርስዎ ካልተገላገለች አልነቃነቅም አሉ፣ ሊቀመንበሩ ካልታተመ አልሰጥም አለ፣ ኃላፊው ካልተጻፈ አልፈቅድም አሉ፣ መዝጋቢዋ ካልተፈቀደ አልመዘግብም አለች። እኔም ካልተመዘገበልኝ እጄን አላስገባም። ይሂዱ፤ ላሟን እኔ እጠብቃታለሁ።»

ንቅንቅ አልልም ያሉት ሰውዬ ጋቢያቸውን ጥለው በረሩላችሁ። ቁልፉ ሣጥኑን ከፈተ፣ ማኅተሙ ደብዳቤውን መታ፣ ደብዳቤው ኃላፊውን አስፈረመ፣ ፊርማው መዝጋቢዋን አስመዘገበ። ጋሽ ደርብ እዚያው ሆነው ደወሉ፤ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ ይላል። «ተመዝግቧል። አሁንስ?»

«አሁንማ ሥራዬ ነው» አለችና ስልኩን ዘጋች። እጇን እስከ ክንዷ ሰደደች፤ ጥጃውን አቃንታ ሳበችው።

ጋሽ ደርብ ሲመለሱ ላሟ ጥጃዋን ትልሳለች። እፎይ አሉ፤ ቀጥሎ ተቆጡ። «ምን አለ ቀድመሽ ብታስገቢ? ከእኔና ካንቺ በቀር ማን ያይ ነበር?»

ትሁኔ እጇን እየታጠበች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«እኔ ማየቴ አይበቃም?» አለቻቸው።