ለቦራ የተጠመቀው አተላ

በድሮ ዘመን፣ አዋጅ ከዝናብ በበዛበት አገር፣ አንዲት ጠላ ጠማቂ፣ አንድ ንጉሥና አንድ አዛዥ ነበሩ። አንዲት ላምም ነበረች። ላሟን ምን አስረሳኝ፣ ነገሩ ሁሉ የመጣው በእሷ ነው እንጂ።

ጠማቂዋ ማንጠግቦሽ ትባላለች። እጇ ፈጣን፣ አንደበቷ ቁጥብ፣ ነገር የሚገባት ሴት ነበረች። ንጉሡ ደግ ነበር፤ ግን ችኩል። አንዴ ካለ አለ ነው፣ ቃሉን አያጥፍም። የግብር ቤቱ አዛዥ ጉልላት ደግሞ ጥሬ ሥጋ ወዳድ ነበር። ላም ሲያይ ላም አይታየውም፤ ሽንጥና ዳቢት ነው የሚታየው።

ላሚቱ ቦራ ትባላለች፤ ግንባሯ ላይ ነጭ ስላለባት ነው። ለሌላው ሰው እምቧ ብቻ ነው የምትለው፤ ለማንጠግቦሽ ግን ታወራለች። አንተ እዚያ ጥግ ያለኸው፣ አትሳቅ። ያኔ ላም ታወራ ነበር።

ማንጠግቦሽ ባሏ ከሞተ ወዲህ የቀሯት ሁለት ነገሮች ነበሩ። አንደኛው የእናቷ ጋን፣ ሁለተኛው ቦራ። ጋኑን በግራዋ ቅጠል ታጥባለች፣ በወይራ ጭስ ታጥናለች፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ ትጠምቅበታለች። ጠላው ሲጠልል ከሥር የሚቀረውን አተላ ቦራ ትበላለች። ቦራም ማታ ማታ ወተቷን ትሰጣለች።

«ጠላው ለሰፈሩ፣ አተላው ለእኔ፣ ወተቱ ላንቺ» ትላለች ቦራ እያመነዠከች። «ከዚህ ወዲያ ምን እንፈልጋለን?»

«ምንም» ትላለች ማንጠግቦሽ። እውነቷን ነበር፤ ደስ ብሏት ነበር የምትኖረው።

ታዲያ አንድ ቀን፣ መስቀል ባለፈ በሳምንቱ፣ ንጉሡ ልጁን ዳረ። ጠጁ ወረደ፣ ጠላው ወረደ፣ አረቄው ወረደ። ንጉሡ ከሁሉም ቀመሰ፤ ቀመሰ የምለው ለክብሩ ብዬ ነው። ከዚያ ሙሽራውን ሊሾም ተነሣ። ሙሽራው በቀኝ ቆሟል፤ ንጉሡ በግራ ሄደ። በግራ በኩል የሙሽራው በቅሎ፣ በወርቀ ዘቦ አጊጦ ታስሯል። ንጉሡ በቅሎውን አንገቱን አቀፈና፣ «ልጄ ሆይ፣ ከዛሬ ጀምሮ ደጃዝማች ብዬሃለሁ» አለው።

በማግስቱ ራሱን ይዞ ሲነቃ ሰዎቹ ነገሩት። ቃሉን አያጥፍም ብያችኋለሁ። በቅሎው ደጃዝማች ሆኖ ቀረ፤ ቤት ተሠራለት፣ አሽከር ተመደበለት። ንጉሡ ከኀፍረት የተነሣ ሦስት ቀን ከእልፍኙ አልወጣም። በአራተኛው ቀን ነጋሪት አስጎሰመ።

«የሰማህ ላልሰማ አሰማ። ጠላ የጠመቀ፣ ጠጅ የጣለ፣ አረቄ ያወጣ፣ ጋኑ ይሰበራል። ከእንግዲህ ሕዝቤ ወተት ይጠጣ።»

ጭፍሮች በየቤቱ ገቡ። በላይኛው ሰፈር ጋን ተሰበረ፣ በታችኛው ሰፈር ጋን ተሰበረ፣ ከዚያ ማንጠግቦሽ ደጅ ደረሱ።

«ጋንሽን አውጪ» አሏት።

«ይኸውላችሁ» አለች። ባዶ ነው፣ ታጥቧል፣ ታጥኗል። «የወተት ነው።»

ጭፍሮቹ አንድ በአንድ አንገታቸውን ጋኑ ውስጥ እየከተቱ አሸተቱ። ወይራ ይሸታል። የወተት ዕቃ በምን ይታጠናል? በወይራ። የጠላ ጋንስ በምን ይታጠናል? በወይራ። ተያዩና፣ «የወተት ይመስላል» ብለው ሄዱ። የእናቷ ጋን በዚህ ተረፈ።

ጋኑ ተረፈ፤ ቦራ ግን ከፋት። በመጀመሪያው ቀን ወተቷ ከግማሽ በታች ሆነ። በሁለተኛው ቀን አንድ ዋንጫ ወጣ። በሦስተኛው ቀን ማንጠግቦሽ ብታልብ ብታልብ፣ የዓይን ብሌን የሚያርስ ጠብታ ጠፋ።

«ምን ነካሽ፣ ቦራዬ?»

«አንቺን ምን ነካሽ? አተላዬ የት ሄደ?»

«ንጉሥ ከልክሎ ነው።»

«ንጉሥ አተላ ከለከለ?» አለች ቦራ። «እኔ ምን አደረግሁት?»

የከተማው ላም ሁሉ እንደዚሁ ሆነ። ግጦሹ ሩቅ፣ ጭዱ ደረቅ፤ ላሞቹን አቁሟቸው የነበረው የየጠላ ቤቱ አተላ ነበር። ይህን ደግሞ ከጠማቂና ከላም በቀር ያሰበው አልነበረም። ንጉሡ ቁርስ ላይ ወተት ጠየቀ፤ የለም አሉት። ምሳ ላይ ጠየቀ፤ የለም። እራት ላይ ጠየቀ፤ ውሃ አመጡለት። ተቆጣና አዛዥ ጉልላትን ጠራው።

አዛዥ ጉልላት እጅ ነሥቶ፣ «ጃንሆይ፣ ሕዝቡ ማበረታቻ ይፈልጋል» አለ። «አንድ ጋን ወተት ላመጣ ሁሉ ከቤተ መንግሥት ጎተራ አንድ ጋን ገብስ ይሰጠው። በየቀኑ ያመጣ በየቀኑ ይሰጠው። እስከ ፋሲካ ድረስ ወተት ያላመጣች ላም ግን ለፋሲካ ግብር ትታረድ።»

የመጨረሻዋን ነገር ሲናገር ምራቁን ዋጠ። ንጉሡ ችኩል ነው፣ ገብሱ ለምን ይሰጣል፣ ላሟ ለምን ትታረዳለች ሳይል፣ «ይሁን» አለ። ነጋሪቱ ተጎሰመ።

አዛዥ ጉልላት በሦስተኛው ቀን ማንጠግቦሽ ግቢ ብቅ አለ። ቦራን ዞሮ አያት፤ ጎኗን ደባበሰ፣ ሽንጧን ለካ።

«መልካም ላም ናት፤ እስከ ፋሲካ እንዳታከሻት» አለና ሄደ።

ያን ቀን ማንጠግቦሽ ፈራች። ከቦራ አጠገብ ተቀምጣ አለቀሰችም። ከዚህች ላም በቀር ማታ ቤት ስትገባ የሚያናግራት የለም። ቦራ አፍንጫዋን ትከሻዋ ላይ አሳረፈች።

«አዋጁ ምን ይላል? እስቲ ድገሚልኝ።»

«ጠላ የጠመቀ ይላል።»

«አተላ የጠመቀ ይላል?»

ማንጠግቦሽ እንባዋን ጠረገች። ቦራን ትኩር ብላ አየቻት፣ ጋኑን አየችው፣ ጥግ ላይ የቀረችውን አንድ ቁና ብቅል አየቻት። ተነሥታ ወገቧን ታጠቀች።

ጠነሰሰች፣ ደፈደፈች፣ አጠለለች። አተላውን ለቦራ አቀረበች። ያንን የጠራ፣ የጎመራ፣ ዓይን የሚያበራ ጠላ ደግሞ ተሸክማ ወጥታ ቦይ ውስጥ ደፋችው። ሙያ ላላት ሴት ጠላዋን መድፋት እንዴት እንደሚከብድ የደፋች ታውቀዋለች። ብትሸጠው ግን ጠላ ጠመቀች ይባላል፤ ቦራም ትሄዳለች። ደፋችው።

ጎረቤቷ አያ ቢረሳው፣ አርባ ዓመት የጠላ ደንበኛ የነበሩ ሽማግሌ፣ ሽታውን ተከትለው መጡና ቦዩ ዳር ቆሙ።

«ምነው ልጄ፣ ምን በድዬሽ ነው ይህን የምታሳዪኝ?»

«አያ ቢረሳው፣ ይህ የአተላ እጣቢ ነው» አለች። «የሚጠጣ አይደለም።»

ሽማግሌው ቦዩን አዩ፤ አረፋውንም አዩ። ከኪሳቸው ዋንጫቸውን አወጡና ጎንበስ አሉ። «እንግዲያው ዋንጫዬን ልጠብበት» አሉ።

ቦራ በሦስተኛው ቀን አገገመች። ግቷ ሞላ። ማንጠግቦሽ ለጥቂት ጎረቤቶቿ ላሞችም አተላ ሰጠቻቸው፤ ወተታቸውን ከቦራ ወተት ጋር አጠራቅማ አንድ ጋን ሞላች። ወተቱ ቤተ መንግሥት ገባ፣ አንድ ጋን ገብስ ወጣ። ገብሱ ብቅል ሆነ፣ ብቅሉ አተላ ሆነ፣ አተላው ወተት ሆነ። ወተቱ እንደገና ገብስ አመጣ።

ሰው ይህን አይቶ ዝም ይላል? በጥምቀት ጊዜ ከተማው በሙሉ አተላ ይጠምቅ ነበር። በየደጁ እጣቢ ይደፋል፣ ቦዩ ሁሉ ያረፋል። የመምሬ ዶሮ ከቦዩ ጠጥታ በሬ ስታባርር ታየች። በየቦዩ ዳርም ዋንጫ የሚያጥብ ሽማግሌ ጠፍቶ አያውቅም።

ወተቱም ጎረፈ። ንጉሡ ጠጣ፣ ሠራዊቱ ጠጣ፣ ደጃዝማቹ በቅሎም ሳይቀር ጠጣ። ግን አዛዥ ጉልላት አንድ ነገር ረስቶ ነበር። ምን ረሳ? ልጆች፣ እናንተ ታውቁታላችሁ። ሰው ረቡዕ ወተት አይጠጣም። ዓርብ ወተት አይጠጣም። ዓቢይ ጾም ከገባ ደግሞ ሃምሳ አምስት ቀን በአፉ አይዞርም። አዋጁ ግን በየቀኑ ያመጣ በየቀኑ ይሰጠው ነው የሚለው፣ ላምም ጾም አታውቅም።

ስለዚህ የተረፈው ተናጠ፤ ቅቤ ሆነ። ቅቤው ጎተራውን ሞላ። ከዚያ ግምጃ ቤቱን ሞላ። ከዚያ የደጃዝማቹን የበቅሎውን ቤት ሞላ፤ ደጃዝማቹ ውጭ አደረ። ገብሱ ደግሞ ጎደለ። በጾም ቤተ መንግሥቱ ቅቤ ቅቤ ሲሸት ካህናቱ አፍንጫቸውን በነጠላ ይዘው ያልፉ ጀመር። ንጉሡ፣ «ይህ ምንድን ነው?» ብሎ ጮኸ።

አዛዥ ጉልላት ጥፋቱን የሚሸከምለት ሰው ፈለገ። ጭፍሮች ልኮ ማንጠግቦሽን ከጋኗ ጋር፣ ቦራን ከገመዷ ጋር ንጉሡ ፊት አቀረባቸው።

«ጃንሆይ፣ ይህች ሴት ሦስት ጥፋት አጥፍታለች» አለ። «አንድ፣ የተከለከለ ጠላ ጠምቃለች። ሁለት፣ ሰፈሩን ሁሉ አስተምራለች። ሦስት፣ በጾም በቅቤ አስከብባናለች። ጋኗ ይሰበር፣ ላሟም ለፋሲካ ግብር ትግባ።»

ማንጠግቦሽ የቦራን ገመድ አልለቀቀችም።

«ጠምቀሻል?» አላት ንጉሡ።

«ጠምቄያለሁ፣ ጃንሆይ።»

«ምን ጠመቅሽ?»

«አተላ።»

ንጉሡ ከዙፋኑ ጎንበስ አለ።

«አተላ ይጠመቃል እንዴ?»

«ላም ያላት ትጠምቃለች፣ ጃንሆይ። አዋጁ ጠላ የጠመቀ ነው የሚለው፤ አተላ የጠመቀ አይልም። ሕዝቤ ወተት ይጠጣ ብለዋል፤ ያለ አተላ ደግሞ ወተት የለም።»

«ከላይ የወጣውንስ ምን አደረግሽው?»

«እሱ እጣቢ ነው። ደፋሁት።»

«ምስክር አለሽ?»

አያ ቢረሳው ዘንጋቸውን ተመርኩዘው ወደ ፊት መጡ። «ጃንሆይ፣ እኔ ቢረሳው ነኝ። ብረሳው ደስ ባለኝ ነበር፤ ግን አልረሳሁትም። ስንትና ስንት ጋን ዓይኔ እያየ ፈሷል» አሉ።

«አንተስ አልቀመስክም?»

«ዋንጫዬን አጥቤበታለሁ፣ ጃንሆይ። ዋንጫ ሲታጠብ አንዳንዴ ወደ ጉሮሮ ያመልጣል።»

ንጉሡ ፂሙን ያዘ፤ ሳቁን ለመደበቅ ነው። ወደ አዛዥ ጉልላት ዞረ።

«አዛዥ፣ ገብሱ በየቀኑ ይሰጥ ያልከው አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ፣ ጃንሆይ።»

«ረቡዕም?»

አዛዥ በጣቱ ቀን ይቆጥር ጀመር።

«ዓርብም? ዓቢይ ጾምም?»

«ረስቼው ነው፣ ጃንሆይ» አለ አዛዥ ጉልላት።

«ላም ስታርድ ግን አትረሳም» አለ ንጉሡ። «እንግዲህ ስማ። ቅቤው ያንተ ሥራ ነው። ከዛሬ ጀምሮ እስከ ፋሲካ አንተው በእጅህ ታነጥረዋለህ፤ በኮረሪማው፣ በኮሰረቱ፣ በአብሹ። ጾም ነውና ጣትህን እንዳትልስ። በፋሲካ ዋዜማ ለየቤቱ አንድ አንድ ገንቦ ራስህ ተሸክመህ ታድላለህ።»

ጥሬ ሥጋ ወዳድ ሰው፣ በጾም ቅቤ ሲያነጥር አስቡት። አዛዥ ጉልላት እስከ ፋሲካ ድረስ እያለቀሰ ቅቤ አማሰለ።

ከዚያ ንጉሡ ወደ ማንጠግቦሽ ተመለሰ። «ቃሌን አላጥፍም፤ ጠላ ክልክል ነው፣ እንደተከለከለ ይኖራል። አተላ ግን አልከለከልኩም፤ ጥመቂ። ገብሱም በፍስክ ቀን ብቻ ይሰጥሽ። ላምሽን ይዘሽ ግቢ።»

ማንጠግቦሽ መሬት ስማ ልትነሣ ስትል፣ «ቆዪ፣ አልጨረስኩም» አላት። «ቦዩ አስቸግሮኛል። ዶሮው ሰክሯል፣ መንገዱ ሸቷል። ስለዚህ ይህ አዋጄ ነው፤ የአተላ እጣቢ ከእንግዲህ በመንገድ እንዳይደፋ። እያንዳንዱ በየቤቱ፣ ከጎረቤቱ ጋር ሆኖ፣ እንደሚሆነው ያስወግደው።»

አዳራሹ ውስጥ ያለው ሰው መጀመሪያ አልገባውም። ቀድሞ የገባቸው አያ ቢረሳው ናቸው።

«ጃንሆይ» አሉ ዘንጋቸውን ጥለው፣ «እኔ ጉልበት አለኝ። የእሷን እጣቢ እኔ ላስወግድ።»

በፋሲካ ቀን በየቤቱ ወጡ በቅቤ ተንተከተከ፣ የሴቱም የወንዱም ፀጉር በቅቤ ወዛ። ማንጠግቦሽ ቤት ጎረቤቱ ተሰብስቦ እጣቢ ሲያስወግድ ዋለ፤ ዋንጫውም እስከ ማታ ሲታጠብ አመሸ። ቦራ በረት ውስጥ አተላዋን እየበላች፣ «እጣቢው ለሰፈሩ፣ አተላው ለእኔ፣ ወተቱ ላንቺ» አለች። ማንጠግቦሽ አንገቷን አቅፋ ሳመቻት።

ምክሩ ይህ ነው፣ ልጆቼ። አንድ ነገር ከመከልከላችሁ በፊት፣ ጎንበስ ብላችሁ ከሥሩ የሚበላ እንዳለ እዩ። ስጡ ስትሉም የጾሙን ቀን አትርሱ።

ተረቴን ናጡ፤ ቅቤውን ለራሳችሁ አውጡ፤ አሬራውን ለእኔ አምጡ።