በኽምጣኛ የጮኸችው እናት

የእመቤታችንን ስም የምትወዱ ምእመናን ሆይ፥ ይህ ታሪክ የሚጀምረው ከበጎ ሥራ ሳይሆን ከውሸት ነው። ወለተ ሐና የምትባል፥ በአንዲት ገደላማ ደብር ጠበል የሚጠመቁትን ሰዎች ስመ ክርስትና ለጸሎት የምትጽፍ ሴት፥ የእናቷን ቋንቋ በሰው ፊት «አላውቀውም» ብላ ካደች።

የተወለደችው ዋግ፥ አፏን የፈታችውም በኽምጣኛ ነበር፤ ነገር ግን ለትምህርት ከተማ በገባች ጊዜ ልጆቹ አነጋገሯን እየቀዱ ቢስቁባት ቋንቋዋን ደበቀችና ሃያ ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል ከአንደበቷ ሳታወጣ ኖረች። እናቷ ልትጠይቃት በመጣች ጊዜ እንኳ ሰው እንዳይሰማ ብላ በአማርኛ መለሰችላትና እናትየዋ ምንም ሳይገባት ተመልሳ ሄደች፤ ከዚያም በዚያው ዓመት ዐረፈች።

በዋግም አወጣሽ የምትባል መበለት ነበረች፤ የግእዙን ሰላምታ ስላላጠናች ዘወትር ጎሕ ሲቀድ ወደ ምሥራቅ ቆማ እመቤታችንን በገዛ ቋንቋዋ ዐርባ ጊዜ እጅ ትነሣ ነበር፤ ብትታመምም፥ መንገድ ላይ ብትሆንም ይህን አታስታጉልም። እርሷም ከአምስት ልጆቿ የቀረችላትን ትርፌን ይዛ ነሐሴ ዐሥራ ስድስት ቀን ለበዓሉ ወደዚያች ደብር መጣች።

ቀኑም ወደ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሰማዩ ከደብሩ ሥር ባለው ወንዝ ራስጌ በኩል ጠቆረ፤ አወጣሽም ዞር ብትል ልጇን አጣቻትና ያገኘችውን ሁሉ ነጠላውን እየያዘች በኽምጣኛ «ልጄ ወደ ወንዙ ወርዳለች፤ ደራሽ ውኃ ሊመጣ ነው! ስለ ማርያም ድረሱልኝ!» እያለች ጮኸች። ቋንቋዋን የሚሰማ ግን አልነበረም።

«ያዟት እንጂ! እሷ መስላችሁ? ውስጧ ያለው ነው የሚለፈልፈው» አለ አንዱ።

«ደግሞ የምን ቋንቋ ነው? ይኼንንስ ራሱ ሰይጣኑም ገና እየተማረው ነው» ብሎ ሌላው አሳቀ።

ከዚያም እጇን በነጠላ አስረው ከጠበሉ ሥር አቆሟትና አጥማቂው አባ ላእከ ማርያም መስቀላቸውን ከግንባሯ ላይ አድርገው «ስምህ ማን ነው? ከወዴት መጣህ? ተናገር!» እያሉ ገሠጹ፤ እርሷም ውኃው አፏን እየሞላው ስለ ልጇ ጮኸች። አባም ልባቸው ተጠራጠረና «የዚህችን ሴት ቋንቋ የሚሰማ አለ?» ብለው ጠየቁ።

«እቴ ወለተ ሐና፥ አንቺ የዋግ ሰው አይደለሽ እንዴ?» አለቻት አንዲት ሴት።

«ምን በወጣኝ! እኔ አላውቀውም» አለችና አንገቷን ወደ ደብተሯ ደፋች። የሴትዮዋ ቃል ግን አንድ ሳይቀር ይገባት ነበር።

ወዲያው ከታች «ሕፃን ውኃ ከበባት!» የሚል ጩኸት ተሰማና ሰው ሁሉ ወደ ወንዙ ሮጠ፤ ወለተ ሐናም ተከተለች። ትርፌ ከወንዙ መካከል ከአንድ ዐለት ላይ ተቀምጣ ነበርና ወንዶቹ የመጫኛ ገመድ ወርውረው «ወገብሽ ላይ እሰሪው!» ቢሏት አልገባትም፤ ሁለተኛም ቢወረውሩላት ፈርታ ከላይዋ አራገፈችው። ውኃውም ከዐለቱ ጫፍ ደረሰ።

በዚህ ጊዜ ወለተ ሐና «እመቤቴ ሆይ፥ ስለ እኔ ክፋት ሕፃኗ አትሙት» ብላ አለቀሰችና በሰው ሁሉ ፊት በኽምጣኛ «አይዞሽ ልጄ፤ ገመዱን ወገብሽ ላይ አጥብቀሽ እሰሪው!» ብላ ጮኸች።

ሕፃኗም ቀና ብላ በአንድ ስም ጠራቻት፤ ያም ስም ከሞተችው እናቷ በቀር ወለተ ሐናን ማንም ያልጠራበት የልጅነት ስሟ ነበር። «አንቺ ነሽ? ሰማያዊ የለበሰች እናት እጄን ይዛ፥ 'እሷ መጥታ በቋንቋሽ እስክትጠራሽ ድረስ ከዚህ አትነሺ' ብላኛለች» አለቻት። ከዚያም ገመዱን አሰረችና ጎትተው አወጧት፤ እግሯ ምድር እንደ ረገጠ ደራሹ ዐለቱን ዋጠው።

ወለተ ሐናም ሕፃኗን ታቅፋ ወደ ጠበሉ ወጣችና «አባቴ፥ ይፍቷት፤ ልጇን ነበር የምትጠራው። እኔ እሰማት ነበር» አለች። አባም የእናትየዋን እጅ በገዛ እጃቸው ፈትተው አለቀሱ።

አወጣሽ ልጇን ከደረቷ አጥብቃ «ከመጀመሪያው ጀምሮ ትሰሚኝ ነበር?» ብላ ጠየቀቻት።

«እሰማሽ ነበር።»

አወጣሽም ብዙ አየቻትና ወደ ቤተ መቅደሱ ዞራ እመቤታችንን እያመሰገነች ዐርባ ጊዜ እጅ ነሣች፤ ወለተ ሐናም ከኋላዋ ቆማ ቃሏን ተከትላ አለች፤ ነገር ግን አንዳንዱ ቃል ጠፍቶባት ነበር፥ የምታርማት እናትም አልነበረቻትም።

በየቋንቋው የሚጠሯትን የምትሰማ እመቤታችን ይህን የሰማችሁ ሁላችሁን ከደራሽ ውኃ ትሰውራችሁ፤ በጨነቃችሁም ቀን ቃላችሁን የሚሰማ ሰው አታሳጣችሁ፤ አሜን። ይህን የጻፈችው ወለተ ሐና ናት፤ እባካችሁ፥ ይቅር በሏት።