የጠጅ ጣይዋ ማጥለያ

አንዲት ጠጅ ጣይ ነበሩ፤ ወይዘሮ ይርገዱ ይባላሉ። ጠጃቸው ከመጥራቱ የተነሳ በብርሌው ማዶ ሰው ይታያል እየተባለ ይወራላቸዋል። በዚያ አገር ጣይዋ በሰው ፊት ሳትቀምስ ጠጅ አይቀዳም። ለመቅመስ በመዳፍ ጠብ ማድረግ ይበቃል። ወይዘሮ ይርገዱ ግን፣ እቴ! ሙሉ ብርሌ ገልብጠው «በሉ ጠጡ!» ካላሉ ድግስ አይመስላቸውም።

ስኳርና ደም ግፊት ሲገኝባቸውም ልማዱን አልተዉም። የሐኪም ቀጠሮ ሦስት ቀን ሲቀረው ጠጁንም ጨዉንም እርግፍ አድርገው ክኒናቸውን በሰዓቱ ይውጣሉ። ጣታቸው ሲወጋ ስኳሩ ደህና ሆኖ ይገኛል። «አታለልኳቸው!» እያሉ እየሳቁ ይመለሳሉ። ማንን እንዳታለሉ እንጃ!

አንድ ቀን የጤና ጣቢያው ነርስ ሽንታቸውን አስመርምራ ውጤቱን ስታይ ፊቷ ጠቆረ።

«እትዬ ይርገዱ፣ የጠጅ ማጥለያዎ ቢቀደድ ምን ይሆናል?»

«አምቡላው፣ ዝቃጩ ሁሉ ያልፋላ! ይሄም ይጠየቃል?»

«ኩላሊትም የደም ማጥለያ ነው። የእርስዎን ስኳሩና ደም ግፊቱ እየበሳሱት ነው፤ ደም ውስጥ መቅረት ያለበት ነገር ወደ ሽንት እያለፈ ነው። የተጎዳው አይመለስም። የቀረውን ግን በየቀኑ ከተጠነቀቁ ማቆየት ይቻላል። ለቀጠሮ ብቻ ከሆነ ግን መጨረሻው ደምዎን በማሽን ማሳጠብ ነው።»

ወይዘሮ ይርገዱ ክው አሉ። ስንት ማጥለያ አርጅቶባቸው ጥለዋል፤ ይሄኛው ግን ከገበያ አይገዛም።

በወሩ እሳቸው ጠጅ የጣሉበት ትልቅ ሰርግ ሆነ። ብርሌው ተሞልቶ ቀረበላቸው፤ ሰው ሁሉ አፍጥጦ ያያል። በመዳፋቸው ጠብ አድርገው ቀመሱና ብርሌውን መለሱት። ድንኳኑ በሹክሹክታ ተሞላ።

«ምን ቢገባበት ነው ዛሬ የማይጠጡት?» አሉ የሙሽራው አባት።

የወይዘሮ ይርገዱ የአርባ ዓመት ስም በአንድ ቃል ሊፈርስ ነው። ቀና ብለው ተነሱ።

«ጠጁ ንጹሕ ነው። ስኳር ያለብኝ እኔ ነኝ፤ ኩላሊቴም ተነክቷል። የቀረኝን ለማንም ድግስ ብዬ አልሰጥም!»

የሙሽራው አባት በእጃቸው የያዙትን ብርሌ ቀስ ብለው አስቀመጡ።

«እኔም አለብኝ» አሉ። «ሰባት ዓመት ደብቄዋለሁ። የት ነው የሚመረመሩት?»

«ነገ ጠዋት አብረን እንሄዳለን» አሏቸው ወይዘሮ ይርገዱ። ያን ዕለት የተሰማቸውን ኩራት በአርባ ዓመት ሙገሳ አላገኙትም።

ወዳጆቼ፣ ለቀጠሮ ቀን ብቻ የሚጠነቀቅ ሰው የሚያታልለው ራሱን ነው። በሰው ፊት «ይበቃኛል» ማለት የሚችል ግን ጀግና ነው። ስኳር ያለብህ ወንድሜ፣ ስኳር ያለብሽ እህቴ፣ ሽንታችሁን ካስመረመራችሁ ስንት ጊዜ ሆናችሁ?