ጉሬዛ በእግሩ የሄደ ዕለት

ልጆች፣ ጠጋ በሉ። እናንተም ትልልቆቹ ጆሯችሁን አትንፈጉኝ፤ ይህ ተረት ከልጅ ይልቅ ሹመት ላለው ይበጃል። በድሮ ዘመን፣ ለእኔ የነገሩኝም ስሙን ያላወቁት አንድ አገር ነበር። በዚያ አገር እንስሳትና አራዊት ባንድ ንጉሥ፣ ባንድ ገበያ፣ ባንድ መንገድ ይኖሩ ነበር። መንገዱ ከቆላው ጨው ሜዳ ይነሳና ገደሉን እየታከከ ደጋ ይወጣል። ሌላ መንገድ የለም።

የመንገዱ ሹም ጉሬዛ ነበር። ለምን ተሾመ ብትሉኝ፣ ካባው አምሮ ነው እላችኋለሁ። ያን ጥቁርና ነጭ ጠጉሩን ዘርፈፍ አድርጎ ቅርንጫፍ ላይ ሲቀመጥ፣ እንኳን መንገድ አገር የሚጠግን ይመስላል። ታዲያ እሱ የሚሄደው ከዛፍ ወደ ዛፍ እየዘለለ ነው፤ እግሩ አፈር ነክቶ አያውቅም።

ያን መንገድ ከሁሉ አብልጣ የምታውቀው ዳለቻ የምትባል አህያ ነበረች። ከቆላ ጨው ጭና ለደጋው ከብት ታደርሳለች። ከመንገዱ መሀል ጎርፍ የበላው፣ "እግር ስብር" የሚሉት ቦታ አለ። በመጀመሪያው ክረምት ስንጥቅ ነበር። በሁለተኛው ጉድጓድ ሆነ። በሦስተኛው ግማሹ መንገድ ተንዶ ገደል ገባ። ከገደሉ ሥር አያ ጅቦ ጎጆውን ቀልሶ ይጠብቃል፤ ምን ያድርግ፣ እራቱ ከላይ ይወርድለታል። አምና የዳለቻ ታላቅ እህት ቦሪት ከነጭነቷ እዚያ ወደቀች። ዳለቻ ከላይ ሆና የእህቷን ጩኸት ሰምታለች፤ ጩኸቱ ሲቋረጥም ሰምታለች።

በሸንጎው ቀን ጉሬዛ የሚቀመጥበት ዛፍ ሥር ሄዳ አቤት ያላለችበት ወቅት አልነበረም። በበጋ ሄደች፤ ጉሬዛ "አፈሩ ደርቋል፣ ዝናብ ያለስልሰውና ይታሰብበታል" አላት። በክረምት ሄደች፤ "ጭቃ ነው፣ ያባራና ይታሰብበታል" አላት። በመኸር ሄደች፤ "ሁሉም አዝመራ ላይ ነው፣ ነዶው ይከመርና ይታሰብበታል" አላት። በሬው ራሱን ይነቀንቃል፣ ፍየሏ ታመሰኳለች፣ ሸንጎው "ልክ ነው" ብሎ ይበተናል። እኔ በበኩሌ ከጉሬዛው ይልቅ የምናደደው በእነዚያ ራስ ነቅናቂዎች ነው።

ዘንድሮ ግንቦት ሊያልቅ ሲል ሰማዩ ማጉረምረም ጀመረ። እግር ስብር ላይ የቀረው መንገድ ለአንዲት አህያ ኮቴ እንኳ የማይተርፍ ነው፤ አንድ ዶፍ ከወረደበት ቀጣይዋ ሟች እሷ መሆኗን ዳለቻ ታውቃለች። ጨውዋን እንደተጫነች ሸንጎው መሀል ገብታ ቆመች።

"ጌታዬ፣ ክረምቱ ሳይገባ ይወስኑልኝ" አለች። "ዘንድሮ ተራው የእኔ ነው።"

ጉሬዛ ካባውን አስተካከለ። ጉዳይዋን በደንብ እንደሚያውቀው፣ ነገር ግን በጥድፊያ የተሠራ እንደማያምር፣ ጎርፉ ዘንድሮ ደግሞ የቱን የቱን እንደሚሸረሽር ማየት እንደሚሻል ነገራት። "ይታሰብበታል" አለና ወደ ላይኛው ቅርንጫፍ ሊዘል ተነሳ።

ያ ረጅም ጅራቱ ግን ገና ከታች ተንጠልጥሎ ነበር። ዳለቻ አንገቷን አስግጋ በጥርሷ ለቀም አደረገችው። ጎትታ መሬት ላይ ጣለችውና ጅራቱን በኮቴዋ ረገጠች።

"በሕግ አምላክ" አለችው። "ንጉሥ ፊት እንፋረዳለን። ከአሁን ጀምሮ ቁራኛዬ ነህ።"

አንቱታውን እዚያው ጥላዋለች፣ ልብ በሉ። በዚያ ዘመን ሕግ "በሕግ አምላክ" የተባለ ሁሉ ካለበት ንቅንቅ አይልም። ከሳሽና ተከሳሽም ዳኛ ፊት እስኪደርሱ ባንድ ገመድ ይታሰራሉ፤ ቁራኛ የሚባለው ይኸው ነው። ሹም ነኝ፣ ባለካባ ነኝ ቢሉት አይቀርም። የሸንጎው አዛውንት ዝንጀሮ ተነሳና የዳለቻን የጭነት ገመድ ጫፍ ከጉሬዛ ወገብ ጋር ቋጠረው። ንጉሥ አንበሳ ችሎት የሚያስችለው ደጋ ላይ ነው። ወደ ደጋ የሚያወጣውም ያው አንዱ መንገድ ነው።

መቶ እርምጃ ሳይሄዱ የጉሬዛ እግር ተላጠ። በዛፍ ልሂድ አላት፤ ገመዱ አጭር ነው። ጀርባሽ ላይ ልውጣ አላት፤ ጀርባዋ ላይ ጨው አለ። ፍቺኝና ነገ በራሴ እግር ንጉሡ ዘንድ እቀርባለሁ ብሎ በእናቱም በአባቱም ማለ። ለሁሉም መልሷ አንድ ነበር፦ "በሕግ የታሰረ በሕግ ይፈታል።"

እግር ስብር ደረሱ። አያ ጅቦ ከታች ኮቴ ሰምቶ ከጎጆው ብቅ አለ። ጉሬዛ ያን ቦታ ከላይ እንጂ ከምድር አይቶት አያውቅም። ዳለቻ አንድ እግሯን አስቀደመች፤ ድንጋይ ተፈንቅሎ ቁልቁል ሄደ፤ ገመዱ ተወጠረ።

"ተመለሺ፤ እንወድቃለን" አለ ጉሬዛ።

"እህቴም ወድቃለች። እኔ ግን ብቻዬን አልወድቅም። ወይ ታሻግረኛለህ፣ ወይ ካባህን ለጅብ እናወርሰዋለን።"

አልፈራችም ብዬ አልዋሻችሁም። ግን ወደ ኋላ አላለችም። ጉሬዛ አንዴ ወደ ታች፣ አንዴ ወደ ገመዱ አየና ጎንበስ አለ። በገዛ እጁ ድንጋይ እየለቀመ የተናደውን ጠርዝ ካበ፤ ቅርንጫፍ ሰብሮ ረበረበበት፤ ላዩን አፈር አለበሰው። ሦስት ዓመት ሲታሰብበት የኖረው ነገር ባንድ ትንፋሽ ተወሰነ። እንደ ምንም ተሻገሩ።

ተከሳሽ ሆዬ እግሩ ደህና መሬት ሲረግጥ የድሮ ምላሱ ተመለሰች። ችሎት ፊት ሲቀርቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳና፣ ቦታውን በዓይኑ እንዳየው፣ ከባድ ጉዳይ መሆኑን፣ ክረምቱ ሲያልፍ በሰፊው እንደሚታሰብበት አስረዳ። አንበሳም ምሳው ደርሶበት ነበርና ሹሙ ካየው ይበቃል፣ ፍቷቸው አለ። አጋፋሪው ሊፈታ ሲመጣ ዳለቻ ሸሸት አለች።

"አልፈታም" አለች። "ንጉሥ ሆይ፣ ሹመት አልፈልግም፣ ካሳም አልጠየቅሁም። በሕግ የታሰረ በሕግ ይፈታል፤ እኔ ደግሞ ፍርድ አልሰማሁም። መንገዱ ተሠርቶ እስኪያልቅ ይህ ሹም ቁራኛዬ ነው። ቆላ ስወርድ ይወርዳል፣ ደጋ ስወጣ ይወጣል። እሱን ከፈታኸው ግን አንተ ከእኔ ጋር ትታሰራለህ፤ የሾምከው አንተ ነህና።"

አንበሳ ምንጣፍ የለመደ መዳፉን አየ። ገመዱንም አየ። ከፍትሕ ይሁን ከፍርሃት እኔ አላውቅም፣ ብቻ "ቁራኛው ይጽና" ብሎ ፈረደ።

በማግስቱ ጉሬዛ ከነገመዱ ሆኖ በሬውን፣ ዝንጀሮውን፣ ያችን ፍየል ሳይቀር አስጠራ። አዝመራ ያነሳ የለም፤ ጭቃ ያነሳ የለም። የጎርፉ መውረጃ ተቆፈረ፣ ጠርዙ ከሥሩ ተካበ። ዳለቻ ጨው በጫነች ቁጥር ሹሙ አብሮ ስለሚሄድ፣ እጁ አንድም ቀን አላረፈም። በስምንተኛው ቀን የመጀመሪያው ዶፍ ወረደ፤ ጎርፉ በመውረጃው ሄደ፤ መንገዱ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። አያ ጅቦ ጦሙን ቢያድር ጊዜ አገር ለቆ ሄደ። ዳለቻ ከነጭነቷ ተሻገረች። አንዴ አይበቃኝም ብላ ተመልሳ ደግማ ተሻገረች። ከዚያ በኋላ ነው ፍቱት ያለችው።

ከዚያን ጊዜ ወዲህ በዚያ አገር የመንገድ ሹም የሚሆን ሁሉ፣ ሹመቱን ከመቀበሉ በፊት ጨው ተሸክሞ ከቆላ እስከ ደጋ በእግሩ ይሄዳል። አበውም እንዲህ ተረቱ፦

በዛፍ የሚሄድ ሹም፣ የምድር ጉድጓድ አይታየውም።