ጅራታም ኮከብና የሰርግ ፍላሽ

አንድ የሰርግ ፎቶ አንሺ ነበረ። ሃያ ዓመት ሙሉ ሙሽራ ሲያነሳ የኖረ፣ ያለ ፍላሽ ፎቶ የሚባል ነገር መኖሩን የረሳ ሰው።

አንድ ሰሞን፣ ፀሐይ ጠልቃ ዓይን ሲይዝ፣ በምዕራብ በኩል ጅራታም ኮከብ ይታይ ጀመር። ከተማው ሁሉ አንገቱን ቀና አድርጎ ያያል። እናቱ እትዬ ሸጊቱ ግን አያዩም፤ ዓይናቸውን ሞራ ሸፍኖታል። የሚያዩት አፍንጫቸው ሥር የቀረበላቸውን ብቻ ነው።

«ልጅ ሳለሁ አባቴ አንድ አሳይቶኝ ነበር» አሉት። «ይኸኛውን አንተ አንስተህ አምጣልኝ። በቅርብ ልየው።»

ቃል ገባ። ግን ሰርግ በዛበትና ዛሬ ነገ ሲል የመጨረሻው ምሽት ደረሰ። ከዛሬ ወዲያ ኮከቡን የሚያየው የለም።

ግቢው ውስጥ ካሜራውን ተከለ። ትልቁን ፍላሽ ገጠመ። «ፈገግ!» አለ እንደ ልማዱ፣ ለኮከቡ። ቷ! አደረገው።

ምን አገኘ? የግቢውን የኒም ዛፍ! ቅጠሏ አንድ በአንድ ይቆጠራል፤ ከኋላዋ ያለው ሰማይ ከሰል መስሏል። «ብርሃን አንሶት ነው» አለና ሁለተኛ ፍላሽ ጨመረ። ኒሟ ይበልጥ ነጣች። ሰማዩ ይበልጥ ጠቆረ።

አስጠግቶ ቢያሳያቸው እትዬ ሸጊቱ ሳቁ። «አይ ልጄ! ኒሟን ዳርካት እኮ! ሙሽራው ታዲያ የት አለ?»

እሱ አልሳቀም። ኮከቡ ወደ ተራራው እየወረደ ነው። «እማዬ፣ ይሄ ካሜራ አይችለውም።»

«እስቲ ቆይ። አባቴ ሲያሳየኝ መጀመሪያ ምን አደረገ መሰለህ? ኩራዙን እፍ አለው።»

ሰውየው ፍላሾቹን ነቀለ። የበረንዳውን አምፖል አጠፋ። የካሜራውን ዓይን ከፍቶ፣ ትንፋሹን ውጦ፣ ጠበቀ። ጠበቀ።

ኮከቡ ከነጅራቱ መጣ።

እናቱ ምስሉን አፍንጫቸው ሥር ይዘው ብዙ ቆዩ። «ያኛው አይደለም» አሉ። «ግን ዘመዱ ነው።»

ወገኖቼ፣ እኛስ? እግዚአብሔር ፊት ስንቆም ስንት ፍላሽ ነው የምናበራው? ብሶታችንን እናበራለን። መልካም ሥራችንን እናበራለን። ያልሰማን እንደሆነ ሁለተኛ እንጨምራለን። ከዚያ የምናየው የገዛ ግቢያችንን ዛፍ ነው፤ «ሰማዩ ባዶ ነው» ብለንም እንገባለን። መቼ ባዶ ሆነ? ፍላሹ ሁለት ጊዜ ሲበራ ኮከቡ እዚያው አልነበረም ወይ?

ዛሬ ማታ ለጸሎት ስትቆሙ ለመናገር አትቸኩሉ። መጀመሪያ ኩራዛችሁን እፍ በሉት። ከዚያ ቆዩ።