በብዙኃኑ ኃ

በአንድ የድንበር ኬላ ላይ፣ በቢሯቸው በር «ኃላፊ» የሚል ትልቅ ሰሌዳ ያሰቀሉ ሹም ነበሩ። አንድ ቀን ወላጅ የሌላቸው እህትና ወንድም ብቻቸውን ድንበሩን ተሻግረው መጡ። ሹሙም «እኔን አይመለከተኝም» ብለው ፀሐይ ላይ አስቀመጧቸው። ወደ ገበያ የምታልፍ አንዲት ድንች ሻጭ ግን ውሃና ቅቅል ድንች ሰጠቻቸው። ልጆቹ ቀሚሷን ይዘው አንለቅም አሉ።

ሹሙ ይህን ሲያዩ ደስ አላቸው።

«የእነዚህ ልጆች ኃላፊ አንቺ ነሽ? ነኝ ካልሽ ሕገወጥ አሻጋሪ ነሽና ትታሰሪያለሽ። አይደለሁም ካልሽ ወደ መጡበት በረሃ እመልሳቸዋለሁ።»

«ጌታዬ፣ እኔ አላፊ ነኝ» አለች።

«አመነች! ጻፍ!» ብለው ጸሐፊያቸው ላይ ጮኹ።

«ወንድሜ፣ ስትጽፍ እንዳትሳሳት» አለች ሴትዮዋ። «የእኔው በአልፋው አ ነው፤ አላፊ አግዳሚ ማለቴ ነው። በብዙኃኑ ኃ የሚጻፈው እዚያ በር ላይ ተሰቅሏል።» ከዚያ ወደ ሹሙ ዞረች። «ጌታዬ፣ ወይ ልጆቹን ያስገቧቸው፣ ወይ ሰሌዳውን ያውርዱትና ጥላ ይሁናቸው። ያኔ ቢያንስ ሰሌዳው ኃላፊነቱን ይወጣል።»