ለራሷ ለቅሶ የደረሰችው በርበሬ ሻጭ

አቶ ይርዳው የተባሉ ባለሆቴል፣ አክስታቸው ገጠር ቢያርፉባቸው ድንኳን ጥለው ለቅሶ ተቀመጡ። አክስታቸውን በሕይወት ሳሉ ሄደው ጠይቀዋቸው ስለማያውቁ የሟችን ፎቶ ከየት ያምጡ? ከፌስቡክ አንዲት ደስ የምትል አሮጊት መረጡና "እንደ እናት ያሳደገችኝ አክስቴ" ብለው ለጠፉ፤ በትልቁ አሳትመውም ድንኳኑ ውስጥ ሰቀሉ።

አሮጊቷ በርበሬ ሻጭ ነበረች። ጎረቤቶቿ የተለጠፈውን ፎቶዋን ፌስቡክ ላይ አይተው የሞተች መስሏቸው እየጮኹ ቤቷ ቢመጡ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወደ ድንኳኑ ገሠገሠች።

"ጌታዬ፣ ፎቶዬን ያውርዱልኝ፤ አልሞትኩም" አለች።

አቶ ይርዳው ለቀስተኛ ፊት ማፈር አልፈለጉም።

"ፎቶው የአክስቴ ነው!" አሉ ጉሮሯቸውን ጠርገው። "እኔ ነኝ ካልሽ አክስቴ ነሽ፤ አክስቴ ደግሞ ሞታለች። የሞተ ሰው አይከራከርም!"

ለቀስተኛው "እውነት ነው" ብሎ ራሱን ነቀነቀ።

አሮጊቷ ፍራሹ ላይ አጠገባቸው ተደላድላ ተቀመጠች።

"እሺ ልጄ፣ አክስትህም ነኝ፣ ሞቻለሁም። ከሰማይ ቤት የመጣሁት ላስጠነቅቅህ ነው። እዚያ በሩ ላይ 'ቀጣዩ ተረኛ' ብለው ያንተን ፎቶ ለጥፈዋል። 'ምነው፣ ሳታስፈቅዱት?' ብላቸው፣ 'እሱስ ያንቺን ሲለጥፍ መቼ አስፈቀደሽ?' አሉኝ።"